አዲስ ምጣድ እንዴት ይሟሻል? ከአያቴ ማጀት

ሸክላ ሲሰነጠቅ ድምፁ ትንሽ ነው። «ጧ!» ይልና ያበቃል። ባለፈው ወር የኛ ምጣድ እንዲህ ብሎ ለሁለት ሆነ። ጥፋቱ የኔ ነው። በጋለ ምጣድ ላይ እርጥብ ጨርቅ አሳርፌበት ነው። ባለቤቴ አንዴ ምጣዱን፣ አንዴ እኔን አየች። «በል እንግዲህ፣ አዲሱን አንተው ታሟሸዋለህ» አለችኝ።

ቅጣት መስሏት ነው። እኔ ግን ደስ አለኝ። ምጣድ ማሟሸት ከአያቴ የወረስኩት አንድ ለናቱ ሙያ ነው።

የአያቴ ቤት ደሴ ነበር፣ ጦሳ ተራራ ሥር። ጉሙ ከተራራው ወርዶ ደጃፍ ላይ የሚቆምበት ሰፈር። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ብርዷ ቀልድ አያውቅም። ስለዚህ ክረምት ላይ ሁላችንም ማጀት ገብተን እሳት እንከባለን። ማጀት የገባ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። «እጅ የለህም?» ትላለች። ጎረቤት «ምነው ወንዱን ልጅ ማጀት አስገባሽው?» ሲላት፣ «ወንዱ እንጀራ አይበላም?» ብላ ትመልሳለች።

የምትጠራኝ «ማሟሻዬ» እያለች ነው። የመጀመሪያ የልጅ ልጇ ነኝ። ለዓመታት የቁልምጫ ስም ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን አዲስ ምጣድ ስታሟሽ አጠገቧ ቆሜ የመጀመሪያዋን እንጀራ አየሁ። ግማሿ ተጣብቃ ቀርታለች። ግማሿ ጥቁር ሆናለች። «ይቺ ምንድን ናት?» አልኳት። «ማሟሻ» አለችኝ፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ።

በሉ ወደ ሥራችን።

ሸክላውን ስትገዙ

አያቴ ሸክላ የምትገዛው በጆሮዋ ነው። ሰኞ ገበያ ይዛኝ ስትሄድ ከደረደሩት ምጣዶች አንዱን ታነሳለች። በአንድ እጇ ከጠርዙ ታንጠለጥለዋለች። በሌላው እጇ የጣቷን አንጓ አጥፋ ታንኳኳዋለች። በደንብ የተተኮሰ ደህና ሸክላ እንደ ደወል ይጮሃል። ስንጥቅ ያለበት ድምፁ ታፍኖ «ደፍ» ይላል። ዓይን የማያየውን ስንጥቅ ጆሮ ይሰማዋል። ሻጯ ብትቆጣም ባትቆጣም አንኳኩ።

ጥርጣሬ ካደረባችሁ ጀርባውን በእርጥብ ጨርቅ አብሱትና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ሸክላው ውሃውን ይመጥጥና ይደርቃል። ስንጥቅ ካለ ውሃው እዚያ ስለሚቆይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ይታያችኋል። በጥፍራችሁም ጫር አድርጉት። ዱቄት ዱቄት ካለ አልተተኮሰም፣ ተዉት። ላዩ ላይ የሚታየው ጥቁር የእሳት ምልክት ግን ችግር የለውም።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ሸክላ የምትቀይሩ ከሆነ የድሮውን ለክታችሁ ሂዱ። ብዙዎቹ ከ58 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ናቸው፤ ሁለት ሴንቲ ከበለጠ ግን ቆርቆሮው ውስጥ አይገባም። ጀርባው ላይ ሽቦው የሚተኛበት ቦይ ጥልቀቱ እኩል መሆኑን በጣታችሁ ዳስሱ።

ስታጓጉዙት በጠርዙ አቁሙት እንጂ አታስተኙት። ከሥር ጨርቅ፣ ከጎን ጨርቅ። እኔ ከደሴ ኮምቦልቻ ድረስ በሚኒባስ ጉልበቴ መሃል አቁሜ ነው ያመጣሁት። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ ግን ቁልቁለቱና ኩርባው ሸክላ ለያዘ ሰው ረጅም ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ድሮ ሸክላ ሠሪዎቹን ሰው ይሸሻቸው ነበር። «ቡዳ» ይሏቸዋል። በእጃቸው በሠሩት ምጣድ እንጀራ እየጋገረ፣ ከነሱ ጋር ግን አብሮ መብላት የሚጠየፍ ሰው ሞልቶ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠሪን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ግን እኛ ሰፈር ለመድረስ ብዙ ዘገየ። አያቴ ምጣድ የምትሸጥላትን ሴት ቤት ድረስ ትጠራትና ቡና ታፈላላት ነበር። በስኒ፣ እንደማንም እንግዳ። ጎረቤት ያንን ስኒ ለይታ እንድታስቀምጥ ሲመክራት «ምጣዱንስ ለይቼ ልጣለው?» አለች። ምክሩ በዚያው ቀረ።

መጀመሪያ ይድረቅ

አዲስ ሸክላ የደረቀ ይመስላል እንጂ አይደለም። ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፣ እርጥበት ይይዛል። በእርጥበቱ እሳት ላይ ከጣዳችሁት ውስጡ ያለው ውሃ እንፋሎት ይሆንና መውጫ ይፈልጋል። መውጫ ካጣ ሸክላውን ይሰነጥቀዋል።

ስለዚህ ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ይምታው። ግድግዳ ላይ አስደግፉት፣ በየግማሽ ቀኑ አገላብጡት። ክረምት ከሆነ ምድጃ አጠገብ ይቀመጥ። በሳሙና አትጠቡት። ሸክላው ሳሙናውን ይጠጣዋል፣ በኋላ እንጀራው ይነግራችኋል። አቧራውን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል።

ጎመን ዘር

አንድ የሻይ ብርጭቆ ጎመን ዘር ለአንድ ምጣድ ይበቃል። ገበያ ላይ «ለምጣድ» ብላችሁ ብትጠይቁ ያውቁታል። ጠጠሩን ልቀሙለት። ከዚያ በሙቀጫ ድቅቅ ሳይል ፍርክስክስ እስኪል ውቀጡት። ዱቄት ከሆነ ምጣዱ ላይ ገና ሲያርፍ ያርራል። ድፍኑን ከሆነ ደግሞ እየዘለለ ዓይናችሁ ውስጥ ይገባል። ከወቀጣችሁት ላይ ቆንጥራችሁ በሁለት ጣት እሹት፤ ጣታችሁ ወዝ ካለው ደርሷል።

«ለምን ዘይት አላፈስበትም?» የሚል አለ። እኔም ሞክሬያለሁ። የላስቲክ ጠርሙስ ዘይት ወፈር ተደርጎ ሲፈስ ምጣዱ ላይ እንደ ሙጫ ይሆናል። ሊጡ ይይዘዋል፣ እንጀራው ሥሩ ቡኒ ሆኖ ይነሳል። ጎመን ዘር ግን ቅባቱን የሚለቀው ጥቂት በጥቂት ነው። ሸክላው እየጠጣው፣ እሳቱ እያደረቀው፣ በስሱ በስሱ ይነባበራል። ያ ስስ ንብብር ነው ቀዳዳውን የሚደፍነው። ምጣዱ ጥቁርና ልሙጥ ሆኖ የሚያብረቀርቀው ለዚህ ነው።

ማሰሻችሁ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ይሁን። ናይለን የነካካው ከሆነ ይቀልጥና ሌላ ጣጣ ያመጣል። አያቴ አሮጌ ነጠላ ቀዳ፣ እንደ ኳስ ጠቅልላ፣ በክር ታስረዋለች። መሐላዋ «በማሰሻዬ» ነበር ብል ማጋነን ነው፣ ግን ማሰሻዋን ማንም እንዲነካባት አትፈልግም።

እሳቱ

ብዙ ምጣድ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። የኔ የመጀመሪያውም እዚሁ ላይ ነው የሞተው። ተማሪ ሳለሁ በተከራየሁት ቤት፣ ቸኩዬ፣ ከመጀመሪያው ደቂቃ እሳቱን አንድጄበት።

በእንጨት ከሆነ በኩበት ጀምሩ። ኩበት ቀስ ብሎ ነው የሚግመው፣ ነበልባል አያበዛም። ኩበቱን መሃል ላይ አትከምሩት፣ ዙሪያውን በትኑት። መሃሉ ብቻ ከጋለ መሃሉ ይለጠጣል፣ ጠርዙ ቀዝቃዛ ስለሆነ አብሮ አይለጠጥም። ከዚያ ያችን «ጧ» ትሰማላችሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል ለብ እያለ ይቆይ። ከዚያ ጭራሮ፣ በኋላ ፍልጥ።

በኤሌክትሪክ ከሆነ ነገሩ ትንሽ አሳሳቢ ነው። አብዛኛው የኛ አገር የኤሌክትሪክ ምጣድ ሙቀት መቀነሻ የለውም። ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፣ ከሰኩት በሙሉ ኃይሉ ነው። ስለዚህ መቀነሻው እናንተ ናችሁ። እንዲህ አድርጉ፦

1. ሦስት ደቂቃ ሰኩት፣ ንቀሉት፣ አምስት ደቂቃ አሳርፉት።
2. ይህንን ሦስት አራት ጊዜ ደጋግሙ።
3. እጃችሁን አንድ ስንዝር ከፍ አድርጋችሁ መሃሉንና ጠርዙን አወዳድሩ። ሙቀቱ እኩል ከመሰላችሁ አሁን አሥር ደቂቃ ይሰካ።
4. በጨርቅ ከመንካታችሁ በፊት ሁልጊዜ ንቀሉት። ሸክላው ሥር ያለው ሽቦ ቀልድ አይደለም።

መጀመሪያ ላይ እንፋሎት ብጤ ከሸክላው ቢወጣ አትደንግጡ። የቀረ እርጥበት ነው። መውጣቱ እስኪያበቃ ጎመን ዘሩን አትጣሉበት።

ማሸት

አንድ እፍኝ ጎመን ዘር በተኑ። ይንጣጣል። ትንሽ ቆይቶ ጭሱ ይነሳል። አፍንጫ የሚቆነጥጥ፣ ዓይን የሚያስለቅስ፣ ግን የማይጠላ ጭስ።

ያ ጭስ ነው እኔን ከኮምቦልቻ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ አንስቶ ጦሳ ሥር የጣለኝ። እጇ ታየኝ። የቀኝ እጇ ሌባ ጣት በቃጠሎ ብዛት ጥፍሯ ደንድኖ ነበር። ማሰሻዋን በዚያ እጇ ይዛ ከመሃል ትጀምራለች፣ እየዞረች ወደ ጠርዝ ትወጣለች። ወገቧ አብሮ ይወዛወዛል። «አትጫነው ሆዴ፣ ዳብሰው» ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ጡንቻዬን ላሳይ ስታገል ጨርቁ ከጎመን ዘሩ ጋር ተቦጭቆ ይጋገራል።

ይህን እያሰብኩ በሩ ተንኳኳ። ታች የሚኖሩት እናት ናቸው። ትልቅ ሰው ናቸው፣ የባቲ ሰው። «ምን እየተቃጠለ ነው ልጄ?» አሉ። መልሴን ሳይጠብቁ አፍንጫቸውን ነፋ ነፋ አደረጉ። «ጎመን ዘር ነው እንዴ?» ብለው ገቡ። ምጣዱን አዩ። እኔን አዩ። ነጠላቸውን አጣፉና እጃቸውን ዘረጉ። ማሰሻውን ሰጠኋቸው። «ቢስሚላህ» ብለው ከመሃል ጀመሩ።

እሳቸው ሲያሹ እያየሁ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ዘሩን የሚገፉት በጨርቁ ሆድ እንጂ በጠርዙ አይደለም። ያረረውን ገለባ ቶሎ ቶሎ ጠርገው ያወጣሉ፤ ከቆየ ይጋገራል። ጠርዙን ሁለት ጊዜ ይዞሩታል፣ ምክንያቱም እንጀራ መጀመሪያ የሚጣበቀው ጠርዙ ላይ ነው። እኔ ጠርዙን ረስቼው ነበር።

ጠራርጉ፣ እንደገና በትኑ፣ እንደገና እሹ። ሦስት አራት ዙር። መጀመሪያ ቀይ የነበረው ቡኒ ይሆናል፣ ቡኒው ይጠቁራል። ወዝ ብቻ ኖሮት ጨርቁ ያለ ማንገራገር ሲንሸራተት በቃው። ሁሉም ነገር ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። መስኮት መክፈት አትርሱ፤ ሁሉም ጎረቤት የባቲ ሰው አይሆንላችሁም።

አሁን አጥፉና በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ። ውሃ አታስነኩት። ንፋስ ላይ አታውጡት። አክንባሎውን ክደኑና ተዉት፣ ቢያድር ይመረጣል።

ማሟሻዋ

በማግስቱ ምጣዱን አሙቁ፣ ጥቂት ጎመን ዘር በትናችሁ አስሱት። ሊጡን ትንሽ ወፈር አድርጋችሁ ከመሃል አነስ ያለች እንጎቻ ጋግሩ። ሙሉ እንጀራ አትሞክሩ። ጤፍ ብቻ መሆን የለበትም። አያቴ ማሽላ የተቀላቀለበትን ሊጥ ነበር የምታስቀድመው፣ «ጤፉ ለምን ይበላሻል?» ብላ።

አትነሳላችሁም። ይህንን ከወዲሁ እወቁት። በማንኪያ ጀርባ ፍቃችሁ አንሷት፤ በቢላ አትቧጭሩ፣ ትናንት የለፋችሁበትን ንብብር ይልጠዋል። እንደገና በጎመን ዘር አስሳችሁ ሁለተኛዋን። ሁለተኛዋ ከዳር ትነሳለች፣ መሃሏ ይቀራል። ሦስተኛዋ ወይ አራተኛዋ ላይ ሰፌዱን ስታስጠጉ ጠርዟ ራሱ ብድግ ብሎ ይጠብቃችኋል። ዓይኗ ጥርት ያለ ነው። ካልሆነ ግን ጥቂት ጨው ነስንሳችሁ በደረቅ ጨርቅ እሹትና አንድ ዙር ጎመን ዘር ጨምሩለት።

ያረረችውን አትጣሏት። እኛ ለሷ ነበር የምንጣላው። አያቴ ትኩሷን ትሸርፍና ድልህ ቀብታ ታድለናለች። ትልቁ ቁራሽ የኔ ነበር። የአክስቴ ልጆች ሲያጉረመርሙ «ማሟሻ ለማሟሻ ነው» ትላለች። የምታደላ ሴት ነበረች፣ እኔ ምን ላድርግ።

ጀበናና ድስት

እግረ መንገዴን አዲስ ጀበናም ገዝቼ ነበር። እሱ ይቀላል። ውስጡን በውሃ ብቻ አለቅልቁት። የቡና አተላ አጠራቅማችሁ ከነውሃው ሙሉበትና በትንሽ እሳት አፍሉት። እስኪቀዘቅዝ ተዉት፣ ድፉት። ሁለት ሦስት ጊዜ ድገሙት። አተላው የሸክላውን ቀዳዳ ይሞላል፣ የአፈሩን ጠረንም ይወስዳል። ገና ትኩስ ሳለ ቀዝቃዛ ውሃ አትጨምሩበት፣ ታች ሲሚንቶ ላይም አታስቀምጡት። ማቶት ለዚህ ነው የተሠራው።

የሸክላ ድስት ከሆነ ቀጠን ያለ የዱቄት ሙቅ ሠርታችሁ ውስጡ ቀስ ብሎ ይንተክተክ። ከዚያ ደፍታችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ውስጡን በስሱ ዘይት ቀብታችሁ አሙቁት። የመጀመሪያውን ወጥ ለእንግዳ አትሥሩበት። ጎመን ይቀቀልበት። ባቄላና ሽምብራ ላይ ግን ለድስቱ አትፍረዱበት። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ኮምቦልቻ ወደ 94 ይጠጋል። ከፍታው ነው፣ ንፍሮው የሚዘገየው ለዚህ ነው። አያቴ ዕድሜ ልኳን ስትራገም የኖረችው እንጨት ሻጩን ነበር።

ጀበናው ሦስተኛውን አተላ የደፋሁለት እሑድ ጠዋት ነው። ወርጄ የባቲዋን እናት ጠራኋቸው። ባለቤቴ ቆላች፣ እኔ ወቀጥኩ። አቦሉን ቀድቼ «ጀባ» አልኳቸው። ፉት አሉና ስኒውን ትንሽ ራቅ አድርገው አዩት።

«አፈር አፈር ይላል።»

«ልድፋው?»

«አብሽር፣ ገና ነው» አሉ።

ቶናው ላይ ምንም አላሉም። በረካውን ሁለት ስኒ ጠጡ።